የሚሊሻ ተቆጣጣሪ መኮንን በጦርነት ጊዜ፦ ከስም ጥሪ እስከ ሪፖርት

ኦገስት 23 ቀን 1814 ምሽት ላይ ኮሎኔል ጆርጅ ማይነር የቨርጂኒያን 60ኛ ሬጅመንት ይዞ ዋሽንግተን ገባ። የእንግሊዝ ጦር ደጃፍ ላይ ደርሷል። የማይነር ሰዎች በመቶዎች ይቆጠራሉ፤ መሣሪያ ግን የላቸውም። ትጥቅ የሚያስረክበውን መኮንን በማግስቱ ጠዋት ፈልግ ተባለ፤ ሲነጋ መኮንኑ ጠፋ። በስንት ልፋት ግምጃ ቤቱ ተከፍቶ እደላው ሲጀመር ደግሞ አስረካቢው የጠመንጃ ባልጩቶችን (ባሩዱን የሚያቀጣጥሉትን ድንጋዮች) አንድ በአንድ ይቆጥር ገባ። ሥራው ይፍጠን ብለው መኮንኖቹ ቆጥረው የሰጡትንም እንደገና ቆጠረው። ሬጅመንቱ ታጥቆ ሲወጣ በከተማዋ አቅራቢያ የተካሄደው የብሌደንስበርግ ውጊያ አብቅቶ ወገን እየሸሸ ነበር። በዚያው ሌሊት ዋሽንግተን ተቃጠለች።

ይህን የሚያነብ ሁሉ በባልጩት ቆጣሪው ይበሳጫል። እኔን የሚያንገበግበኝ ከዚያ የሚቀድመው ጥያቄ ነው፦ አንድ ሙሉ ሬጅመንት ባዶ እጁን መሆኑ እንዴት በመጨረሻው ሌሊት ብቻ ታወቀ? ይህን ከሳምንታት በፊት አይቶ፣ ቆጥሮ፣ ጽፎ ለበላይ ማሳወቅ ያለበት ሰው በሕግ የተሾመ ነበር። የብርጌድ ተቆጣጣሪ መኮንን ይባላል።

ስለ አሜሪካ ግዛቶች ሚሊሻ ብዙ ተጽፏል፤ ስለዚህ ሰው ግን እምብዛም አይነገርም። ይህ መመሪያ በ1812–1815ቱ የአሜሪካና የእንግሊዝ ጦርነት ጊዜ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ታሪኩን ለሚያስተምሩ፣ ለሚመራመሩ ወይም በልብ ወለድ ለሚጽፉ እንዲጠቅም፣ ሹመቱ ዛሬ በእጅዎ እንደገባ አድርጌ ነው የማወራዎት። ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

መጀመሪያ፦ ሥልጣንዎ የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ይወቁ

ሹመትዎ የሚመነጨው ኮንግረስ ሜይ 8 ቀን 1792 ካወጣው የሚሊሻ ሕግ ነው። ሕጉ ለእያንዳንዱ ብርጌድ አንድ ተቆጣጣሪ ይመድባል፤ ማዕረጉ ሻለቃ ነው። ሥራውንም ይዘረዝራል፦ ሬጅመንቶችና ሻለቃ ጦሮች ታጥቀው በሚሰለፉበት ጊዜ ሁሉ መገኘት፣ መሣሪያቸውን፣ ጥይታቸውንና ትጥቃቸውን መመርመር፣ ልምምዳቸውን መከታተል፣ በሕግ የተደነገገውን የሥልጠና ሥርዓት በብርጌዱ ውስጥ ማስረጽ፣ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ለግዛቱ አጁታንት ጄኔራል (የግዛቱን ሚሊሻ መዝገብና ትእዛዝ ለሚይዘው መኮንን) የሁኔታ መግለጫ መላክ። አጁታንት ጄኔራሉ የሁሉንም ብርጌዶች መግለጫ አጠቃሎ ለግዛቱ ገዥ ያቀርባል፤ ቅጂው ለፕሬዚዳንቱ ይሄዳል። በ1803 የወጣ ሕግ የዚህን ቅጂ የጊዜ ገደብ በየዓመቱ የጃንዋሪ የመጀመሪያ ሰኞ አድርጎታል።

«ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ» የሚለው የሰላም ጊዜ ልክ ነው። በጦርነት ጊዜ ግን አንድ ጦር ሲጠራ፣ ሰፈር ሲቀይር፣ ከውጊያ ሲመለስና ሲሰናበት አዲስ መግለጫ ያስፈልጋል።

ሕጉ የማይሰጥዎትንም ልብ ይበሉ። የሚያዩት ጦር አዛዥ አይደሉም። ዝገት የበላው ጠመንጃ ቢያገኙ ወታደሩን ሳይሆን ሻምበሉን ያናግሩ፤ ሻምበሉ ካላስተካከለ ለብርጌዱ ጄኔራል ያመልክቱ። ይህን መስመር የዘለለ ተቆጣጣሪ ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ሁሉም ነገር ተሸፍኖ ይጠብቀዋል። ሌላው ችግር ሕጉ የብርጌድ ሜጀርነትንም ሥራ በእርስዎ ላይ መደረቡ ነው። ትእዛዝ መገልበጥና ማስተላለፍ ቀንዎን ሙሉ ሊበላው ይችላል። ያንን ለጸሐፊ ይተዉት፤ ቁጥጥሩን ግን ለማንም አይተዉ።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ፦ ይህ ጦር አሁን የማን ነው? በሕገ መንግሥቱ መሠረት የሥልጠናውን ሥርዓት የሚደነግገው ኮንግረስ ነው፤ መኮንን መሾምና ማሠልጠን ግን የግዛቶቹ ድርሻ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ሚሊሻን የሚጠራው ደግሞ ሕግ ለማስከበር፣ ዐመፅ ለመግታትና ወረራ ለመመከት ነው። ነገሩ በወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። በ1812 የማሳቹሴትስ ገዥ ኬሌብ ስትሮንግና የኮነቲከት ገዥ ሮጀር ግሪስዎልድ ሚሊሻቸውን አንሰጥም አሉ። በኖቬምበር 1813 ደግሞ የቨርሞንት ገዥ ማርቲን ቺተንደን በኒው ዮርክ ግዛት ፕላትስበርግ ላይ የነበረውን የግዛቱን ብርጌድ ተመለስ ብሎ አዘዘ፤ መኮንኖቹ አንመለስም አሉ። ስለዚህ ፈረስዎን ከመጫንዎ በፊት የጥሪውን ትእዛዝ ዋና ቅጂ ያንብቡ። ደመወዙን ማን ይከፍላል፣ ስንቁን ማን ያቀርባል፣ ሪፖርቱ ለማን ይሄዳል የሚሉት ሁሉ ከዚያ ትእዛዝ ይመነጫሉ።

ሁለተኛ፦ መዝገቡን ቤትዎ ተቀምጠው ያጥኑት

ሰልፍ ሜዳ ላይ ሆኖ መዝገብ የሚገልጥ ተቆጣጣሪ ይታለላል። ከሦስትና ከአራት ቀን በፊት የየሻምበሉን የስም መዝገብ ያስመጡ፤ ከሕጉ ልክ ጋርም ያስተያዩት። በ1792ቱ ሕግ አንድ ሻምበል ጦር 64 ተራ ወታደሮች አሉት። አምስት ሻምበል አንድ ሻለቃ ጦር፣ ሁለት ሻለቃ ጦር አንድ ሬጅመንት፣ አራት ሬጅመንት አንድ ብርጌድ ይሆናሉ። ቢሞላ ኖሮ ብርጌድዎ 2,560 ተራ ወታደሮች ይኖሩት ነበር። ሕጉ ራሱ «ሲመች» የሚል ማለሳለሻ ጨምሮበታልና ጎደለ ብለው አይደንግጡ፤ በስንት እንደጎደለ ግን ይወቁ።

መዝገቡ ላይ መኖር ያለባቸው ከ18 ዓመት ጀምሮ 45 ያልሞላቸው ወንዶች ናቸው። ነጻ የሚደረጉም አሉ፦ የኮንግረስ አባላት፣ የጉምሩክና የፖስታ ሠራተኞች፣ ፖስታ የሚያመላልሱ የሠረገላ ነጂዎች፣ በፖስታ መንገድ ላይ የሚሠሩ የጀልባ አሻጋሪዎች፣ የባሕር መርከበኞች። ጦርነት ሲመጣ የእነዚህ ሥራዎች ብዛት በድንገት ይጨምራል። በአንድ ወንዝ ላይ አምስት አሻጋሪ ቢመዘገብ ወንዙ ድረስ ሄደው ጀልባውን ይቁጠሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የፌዴራሉ ሕግ በመዝገቡ የሚያስገባው ነጻ ነጮችን ብቻ ነው። ይህ ነውር በጦሩ ላይም ጉዳት ነበረው። ሉዊዚያና ግን በ1812 በራሷ ሕግ ለነጻ ጥቁር ዜጎቿ በር ከፈተች፤ በኒው ኦርሊንስ መከላከያ መስመር ላይም ሁለት የነጻ ጥቁሮች ሻለቃ ጦሮች ተሰልፈው ተዋግተዋል። የፌዴራሉን ሕግ ብቻ ይዞ የሚቆጥር ተቆጣጣሪ እነዚህን ሰዎች አያገኛቸውም። የግዛትዎን ሕግ ሁልጊዜ ጎን ለጎን ያንብቡ።

ከመዝገቡ ሁሉ በጣም የሚያስፈራው ዓምድ የአገልግሎት ዘመን ነው። በ1795ቱ ሕግ አንድ ሚሊሻ በአንድ ዓመት ውስጥ ከሦስት ወር በላይ እንዲያገለግል አይገደድም ነበር፤ ዘመኑም የሚቆጠረው መሰብሰቢያው ቦታ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ነው። በ1812 ኮንግረስ ለስድስት ወር የሚጠራ ጦር ፈቀደ። ሁለቱ ልክ ጎን ለጎን ሲቆሙ ወታደሩ አንዱን፣ አዛዡ ሌላውን ይይዛል። በሴፕቴምበር 1814 ፎርት ጃክሰን የነበሩ የቴነሲ ሚሊሻዎች ሦስት ወራችን ሞልቷል ብለው ወደ ቤታቸው ጉዞ ጀመሩ። አዛዦቻቸው ስድስት ወር ነው አሉ። ስድስቱ በጦር ፍርድ ቤት ተፈርዶባቸው በፌብሩዋሪ 1815 ሞቢል ላይ ተረሸኑ፤ ከኒው ኦርሊንስ ድል ስድስት ሳምንት በኋላ። ሕጋዊው መልስ የትኛውም ይሁን፣ እያንዳንዱ ሰው የገባበት ቀንና የሚወጣበት ቀን በስሙ አንጻር ተጽፎ፣ በሰልፍ ላይ ጮክ ተብሎ ተነቦለት ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ይፈታ ነበር። ስለዚህ እርስዎ ይህን ያድርጉ። ሁለቱን ቀኖች ይጻፉ፤ ያስነብቡ፤ ግር ያለው ካለ እጁን አውጥቶ ይጠይቅ።

ሦስተኛ፦ ሰውን በዓይንዎ ይቁጠሩ

ሰልፍ ሜዳው ላይ ከተያዘው ሰዓት ቀደም ብለው ይድረሱ። ስም የሚጠራው የሻምበሉ ሳጅን ነው፤ እርስዎ ደግሞ «አቤት» የሚለውን ፊት ያያሉ። ጥሪው ሲያበቃ ሰልፉን ከዳር እስከ ዳር በእግርዎ ሄደው ራስ ይቁጠሩ። ሁለቱ ቁጥሮች ካልገጠሙ ማንም ከሰልፍ እንዳይወጣ አድርገው እንደገና ያስጠሩ።

ተራው ሰው የማይጠረጥረው ቀዳዳ እዚህ ነው። ለጎረቤቱ «አቤት» የሚል አለ። ከአንዱ ሻምበል ጋር ተቆጥሮ በዛፍ ሥር ዞሮ ወደ ሁለተኛው ሰልፍ የሚገባ አለ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ሁሉም ሻምበሎች በአንድ ጊዜ ቆመው ይቆጠሩ። አንዱን አሰናብቶ ሌላውን መጥራት የለም።

የምትክ ነገር የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የተጠራ ሰው በገንዘብ ሌላ ሰው መተካት ይችላል፤ ሕጋዊ ነው። ተቆጣጣሪው ማየት ያለበት ምትኩ በራሱ ስም መመዝገቡን፣ ሰውነቱ ለአገልግሎት የሚበቃ መሆኑን፣ ራሱ በሌላ ሻምበል ያልተጠራ መሆኑን ነው። በቀረው ሰው ስም የሚጠራ ምትክ ቢሞት ቤተሰቡ ምንም መብት ማስረዳት አይችልም። ይህን ስህተት ባዩበት ሰዓት ያስተካክሉ፤ ነገ አይበሉ።

ቁጥሩን በአንድ ድምር አይጻፉ። ቢያንስ በእነዚህ ይከፋፍሉት፦ ታጥቆ የቆመ፣ ቆሞ ያልታጠቀ፣ ታሞ በሰፈር ያለ፣ ታሞ በቤቱ ያለ፣ በፈቃድ የቀረ፣ በትእዛዝ ሌላ ሥራ ላይ ያለ፣ ያለ ፈቃድ የጠፋ። ያለ ፈቃድ የጠፋው በሕግ ከአንድ ወር ያላነሰ፣ ከአንድ ዓመት ያልበለጠ ደመወዙን ሊቀጣ ስለሚችል ይህን ዓምድ በስማ በለው አይሙሉት። ሻምበሉ ራሱ ይፈርምበት።

አራተኛ፦ መሣሪያውን በእጅዎ ይያዙ

በዚህ ክፍል ላይ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም ሚሊሻን ከሚያሸንፉት ነገሮች መካከል በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊስተካከል የሚችለው ይኸኛው ነው።

ሕጉ እያንዳንዱ ሚሊሻ በራሱ ወጪ ይታጠቅ ይላል፦ ጥሩ ሙስኬት ጠመንጃ፣ ሳንጃና ቀበቶ፣ ሁለት ትርፍ ባልጩት፣ የጀርባ ቦርሳ፣ ከ24 ያላነሰ ካርትሪጅ (አረርና ባሩድ የተጠቀለለበት ወረቀት) የሚይዝ የጥይት ኮሮጆ። ራይፍል ላለው 20 አረርና ሩብ ፓውንድ ባሩድ ይፈቀዳል። ጥሩ ጎን አለው፤ ይህ ትጥቅ ለዕዳም ሆነ ለግብር እንዳይያዝ ሕጉ ይከለክላል። አበዳሪ የወሰደበት ወታደር ካገኙ ይህን አንቀጽ ያስታውሱትና መሣሪያውን ያስመልሱለት። ነገር ግን ድሃው ገበሬ ጠመንጃ ከየት ያመጣል? ኮንግረስ በ1808 ለሚሊሻ ማስታጠቂያ በየዓመቱ 200,000 ዶላር መደበ። ለሁሉም ግዛቶች ሲከፋፈል እጅግ ጥቂት ነበር። በጃንዋሪ 1815 መጀመሪያ ከ2,000 በላይ የኬንታኪ ሚሊሻዎች ኒው ኦርሊንስ ሲደርሱ አብዛኞቹ መሣሪያ አልነበራቸውም። ከእነርሱ ጥቂት መቶዎች በደካማ መሣሪያ ወደ ሚሲሲፒ ወንዝ ምዕራባዊ ዳርቻ ተላኩ፤ ጃንዋሪ 8 መስመሩ የተሰበረውም በዚያ በኩል ነው።

ምርመራው እንዲህ ይካሄዳል። ረድፎቹ ይከፈቱ፤ በሁለት ረድፍ መካከል ለመራመድ የሚበቃ ቦታ ይኑር። ከሁሉ በፊት አንድም ጠመንጃ ጥይት የጎረሰ አለመሆኑን ያረጋግጡ፦ እያንዳንዱ ሰው መጠቅጠቂያ ዘንጉን አውጥቶ አፈሙዝ ውስጥ ይልቀቀው። ዘንጉ ታች ሲደርስ የጠራ የብረት ድምፅ ከሰጠና ከላይ የሚቀረው ርዝመት ከሌሎቹ ጋር ከተካከለ አፈሙዙ ባዶና ንጹሕ ነው። ድምፁ ከታፈነ ወይ ቆሻሻ ወይ ያልተተኮሰ ጥይት አለ። ሃምሳ ዘንግ ተራ በተራ ሲወርድ የሰማ ጆሮ የታፈነውን ወዲያው ይለያል።

ከዚያ አንድ በአንድ ጠመንጃውን ይቀበሉ። ትንሽ ጣትዎን አፈሙዙ ውስጥ ያስገቡ፤ የዛገ ከሆነ ጣትዎ ቀይ ሆኖ ይወጣል። የባሩድ ማቀጣጠያ ቀዳዳውን በቀጭን ሽቦ ይውጉት፤ ከተደፈነ ጠመንጃው ብልጭ ይላል እንጂ አይተኩስም። ባልጩቱን ይነቅንቁት፤ በቆዳ ወይም በእርሳስ ተጠቅሎ ካልጠበቀ ገና በሁለተኛው ተኩስ ይወድቃል። ምላጩን ስበው ባልጩቱ ብረቱን ሲመታ ብልጭታው የማቀጣጠያው ባሩድ ከሚቀመጥባት ትንሽ ድስት ውስጥ መውደቁን ይዩ። ሳንጃው አፈሙዙ ላይ ይገጠም፤ በሌላ ሰው ጠመንጃ ልክ የተሠራ ሳንጃ ይዞ የሚዞር ወታደር ብዙ ነው፤ ቀበቶው ላይ ሲታይ ያምራል፤ ሲገጠም ግን አይገባም።

የአፈሙዙ ስፋት ከሁሉ ይበልጣል። ሕጉ የሚሊሻ ሙስኬት ከአንድ ፓውንድ 18 የሚወጣለትን አረር የሚያጎርስ ይሁን ይላል፤ አንዱ አረር 25 ግራም ያህል ይመዝናል፣ ወርዱም 16 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የአሜሪካው ሙስኬት አፈሙዝ 17 ሚሊሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ከአሜሪካ አብዮት ጦርነት የቀረው የእንግሊዙ ደግሞ 19 ይደርሳል። ለሰፊው የተጠቀለለ ካርትሪጅ በጠባቡ አይገባም፤ የጠባቡ በሰፊው ውስጥ ይንቀጠቀጥና ኢላማ ይስታል። በአንድ ሻምበል ሦስት ዓይነት አፈሙዝ ማግኘት አያስደንቅም። በሕጉ ልክ የተሠራ የእንጨት መለኪያ ይዘው ይሂዱ። የማይመሳሰሉትን በተቻለ መጠን ወደ አንድ ሻምበል እንዲሰበሰቡ ያሳስቡ፤ ሪፖርቱ ላይም ጠመንጃ በጥቅሉ ሳይሆን በየአፈሙዙ ስፋት ይጻፍ። ጥይት የሚልከው ሰው የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ካርትሪጆቹን ከኮሮጆው አስወጥተው ያስቆጥሩ፤ ሁለት ሦስቱን ቀደው ባሩዱን በመዳፍዎ ያሹት። የረጠበ ባሩድ ይጓጉላል። ጥቂት ወረቀት ላይ አድርገው ያቀጣጥሉት፤ ጥሩው ባንድ ጊዜ ቦግ ብሎ ይጠፋል፣ ወረቀቱንም ብዙ አያጠቁረውም።

መጨረሻ ላይ ትርፍ ባልጩት ይጠይቁ። ሁለት። የማይነርን ሰዎች ያዘገየው ዕቃ በኪስ የሚገባ ድንጋይ ነው።

አምስተኛ፦ ልምምዱን ይፈትኑ

ሕጉ ለሚሊሻው የደነገገው ሥልጠና የፕሩሲያው መኮንን ባሮን ፎን ስቶይበን አዘጋጅቶት ኮንግረስ ማርች 29 ቀን 1779 ያጸደቀው ነው። ስቶይበን የዚህ ሙያ አባት ነው ብል አላጋነንኩም። በፌብሩዋሪ 1778 የአብዮቱ ጦር ከከረመበት ሰፈር፣ ቫሊ ፎርጅ፣ ሲደርስ እንግሊዝኛ አይችልም ነበር። መቶ ያህል ሰዎች መርጦ ራሱ አሠለጠናቸው፤ እነርሱ ደግሞ ሌላውን አሠለጠኑ። በሜይ ዋና ተቆጣጣሪ ሆኖ ተሾመ።

ለፈተናው የኪስ ሰዓት ይያዙ። በዚህ ሥርዓት መደበኛው እርምጃ በደቂቃ 75፣ ፈጣኑ 120 ገደማ ነው፤ የአንዱ እርምጃ ርዝመት ሁለት ጫማ። አንድ ደቂቃ ይቁጠሩ። ረድፉ ሳይሰበር አቅጣጫ ይቀይራል? ትእዛዝ ሲሰጥ ስንቱ ጎረቤቱን አይቶ ነው የሚንቀሳቀሰው? የማጎረሱን ቅደም ተከተል ያለ ባሩድ አምስት ጊዜ ያሠሯቸው። ሻምበሉን ደግሞ ለአፍታ ከሰልፍ አውጥተው ሌተናንቱ እንዲያዝ ያድርጉ፤ ውጊያ ላይ ሻምበሉ የመጀመሪያው ሟች ሊሆን ይችላል።

በ1812 እና በ1813 አዳዲስ የሥልጠና መጻሕፍት ወጡ፤ በአንድ ብርጌድ ሁለት ዓይነት ልምምድ ይታይ ጀመር። እርስዎ የትኛው ይሻላል ብለው አይከራከሩ። በብርጌዱ ውስጥ አንድ ብቻ እንዲሆን ይወትውቱ፤ የትኛው እንደሆነም ይመዝግቡ።

ሚሊሻ ሁልጊዜ ይሸሻል የሚሉትን አይስሟቸው። ከብሌደንስበርግ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ሴፕቴምበር 12፣ የባልቲሞር ከተማ ብርጌድ በጆን ስትሪከር እየተመራ ኖርዝ ፖይንት ላይ ያንኑ የእንግሊዝ ጦር ገጠመ። የእንግሊዙ አዛዥ ጄኔራል ሮስ በዚያ ቀን ተገደለ። ከሬጅመንቶቹ አንዱ፣ 51ኛው፣ ተሰብሮ ሸሸ፤ የቀሩት ግን ተዋግተው በሥርዓት አፈገፈጉ። በአንድ ብርጌድ፣ በአንድ ቀን ሁለቱም ታየ። ስለዚህ ስለ «ብርጌዱ» በጥቅሉ አይጻፉ፤ እያንዳንዱን ሬጅመንት ለየብቻ ይመዝኑ።

ስድስተኛ፦ ሰፈሩን ይዙሩ

ድንገት ይሂዱ፤ ማለዳ ይመረጣል። በስቶይበን ደንብ የወጥ ቤቱና የመጸዳጃው ቦታ ተራርቆ፣ በሰፈሩ በተለያየ ጎን ይሆናል። በዚህ ጦርነት በበሽታ የሞተው ወታደር በጥይት ከሞተው በብዙ ይበልጣልና ይህን ከሰልፍ አሳንሰው አይዩት። አፍንጫዎን ይመኑ። ውኃው ከየት እንደሚቀዳ ተከትለው ይሂዱ፤ ከመቅጃው በላይ ፈረስ የሚያጠጡ ካሉ በዚያው ቀን ያስቁሙ።

ስንቁን ይመዝኑ። የአንድ ሰው የቀን ድርሻ አንድ ፓውንድ ከሩብ የበሬ ሥጋ ወይም ሦስት አራተኛ ፓውንድ የአሳማ ሥጋ፣ 18 አውንስ ዳቦ ወይም ዱቄት፣ ከአልኮል መጠጥም ጥቂት ነው። ለመቶ ሰው ድርሻ ደግሞ አራት ፓውንድ ሳሙናና አንድ ፓውንድ ተኩል ሻማ ይታደላል። ስንቅ የሚያቀርቡት ኮንትራክተሮች ናቸው፤ ሲጎድል ትርፉ የእነርሱ፣ ረሃቡ የወታደሩ ነው። የራስዎን ሚዛን ይዘው ይሂዱ። የአቅራቢውን ሚዛን ከራስዎ ጋር አስተያይተው ልዩነቱን በቁጥር ይጻፉት።

ሰባተኛ፦ ወታደሩን ያለ አለቃው ያናግሩ

በብዙ ግዛቶች የሻምበሉን መኮንኖች የሚመርጡት ወታደሮቹ ናቸው፤ ሁሉም የአንድ አውራጃ ሰዎች፣ ጎረቤታሞች፣ አንዳንዴም ባለዕዳና አበዳሪ ናቸው። ሰው በሻምበሉ ፊት እውነቱን አይናገርም፤ ተሰናብቶ ሲሄድ አጥሩ ከአጥሩ ይዋሰናል። ስቶይበን ሻምበል ከሁሉ አስቀድሞ የወታደሮቹን ፍቅር ያትርፍ፣ ቅሬታቸውንም ይጠይቅ ብሎ ደንቡ ውስጥ ጽፏል። እርስዎ የሚያረጋግጡት ይህ መደረጉን ነው።

ከየሻምበሉ አራት አምስት ሰው ራስዎ ይምረጡ፤ ሻምበሉ እንዲመርጥልዎ አይፍቀዱ። ጥያቄው አጭር ይሁን፦ ደመወዝ መቼ ተቀበልክ? የምትሰናበትበት ቀን መቼ ነው? ትናንት ምን በላህ? ድንበር ተሻገር ብትባል ትሻገራለህ? የመጨረሻውን ጥያቄ በዋዛ አልጨመርኩትም። ኦክቶበር 13 ቀን 1812 በኩዊንስተን ሃይትስ ጓደኞቻቸው ከናያግራ ወንዝ ማዶ ሲዋጉ፣ ብዙ የኒው ዮርክ ሚሊሻዎች ከአገር ውጭ የመዝመት ግዴታ የለብንም ብለው ከዳር ቆመው ቀሩ። አዛዣቸው ጄኔራል ቫን ሬንሰለር ለመናቸው፤ አልተንቀሳቀሱም። ይህ ሐሳብ በወታደሩ ልብ ውስጥ በአንድ ጠዋት አልበቀለም። ቀደም ብሎ የጠየቀ ሰው ይሰማው ነበር፤ አዛዡም ዕቅዱን በማይሻገር ጦር ላይ አይጥለውም ነበር።

የሰሙትን ሲጽፉ የተናጋሪውን ስም ይተዉ። «ከአምስት ሰዎች አራቱ» ማለት ይበቃል።

ስምንተኛ፦ ሪፖርቱን በዚያው ምሽት ይጻፉ

ነገ እጽፋለሁ ያለ ተቆጣጣሪ ነገ የሚጽፈው የሚያስታውሰውን ነው። ሰንጠረዡ ከፊት ይሁን፤ ማብራሪያው ከኋላ። ያዩትንና የተነገረዎትን በአንድ ዓረፍተ ነገር አይደባልቁ፤ «312 ጠመንጃ አየሁ፣ 40 ደግሞ በቤት አለ ተባልኩ» ብለው ይለዩ። «በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል» የሚል ሐረግ ከጽሑፍዎ ያውጡ፤ ማንም ሊያዝበት የማይችል ቃል ነው። በምትኩ «ከ58 ጠመንጃ 41ዱ ይተኩሳል፤ 9ኙ በአንድ ቀን ይጠገናል፤ 8ቱ የማይረባ ነው» ይበሉ። ለእያንዳንዱ ጉድለት ማን፣ እስከ መቼ እንደሚያስተካክለው ያክሉበት።

ቁጥሩን ከፍ አድርጉልን የሚል ግፊት ይመጣብዎታል፤ ከሻምበሉ ብቻም አይደለም። ገዥው በቂ ጦር አለኝ ማለት ይፈልጋል፣ ጄኔራሉ ብርጌዱ እንዳይናቅበት ይፈራል። እርስዎ ግን በዚያ ሰንጠረዥ ላይ ፈርመው ስምዎን ሲያሳርፉ፣ አንድ አዛዥ ካርታ ላይ ጎንበስ ብሎ በዚያ ቁጥር ልክ ሰው ሊያሰልፍ ነው። ሦስት ቅጂ ያዘጋጁ፤ አንዱ ለአጁታንት ጄኔራሉ፣ አንዱ ለብርጌዱ ጄኔራል። ሦስተኛውን ለራስዎ ያስቀሩ፤ ከብሌደንስበርግ በኋላ ኮንግረስ መርማሪ ኮሚቴ አቋቁሞ መኮንኖቹ ያዩትን በጽሑፍ እንዲመሰክሩ ጠይቋል።

ዘጠነኛ፦ ተመልሰው ይሂዱ

በአሥር ቀን ውስጥ፣ ሳይነግሩ። ሪፖርቱን ይዘው ጉድለት የጻፉባቸውን ብቻ ይመልከቱ፤ ሁሉንም እንደ አዲስ መጀመር ጊዜ ማባከን ነው። የተስተካከለውን በሰልፍ ፊት ሻምበሉን በስሙ ጠርተው ያመስግኑ። ያልተስተካከለውን ለጄኔራሉ፣ በዚያው ቀን።

ጦሩ ሲሰናበት ደግሞ የመጨረሻው ቆጠራ አለ። የመንግሥት የሆነው ጠመንጃ ይመለሳል፤ የራሱ የሆነው ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል። ሁለቱ እንዳይቀላቀሉ ሲታደል በተጻፈው ዝርዝር ላይ አንድ በአንድ ምልክት ያድርጉ። የተሰበረ ካለ በውጊያ ይሁን በቸልታ ይለዩ፤ በውጊያ የተሰበረውን ማንም አይከፍልም። የሞቱትን ስም፣ የሞቱበትን ቀንና ቦታ፣ ያልተከፈላቸውን ደመወዝ በተለየ ገጽ ይጻፉ። ያንን ገጽ ከሁሉ አስቀድመው ይላኩት፤ የሚጠብቁት መበለቶች አሉ።